ነጭ ዓሣው ሳይወጣ ጣራችንን እንክደን

ውድ የፎገራና የደራ ልጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ፤

በግንቦት መጨረሻ የተነሳው ነፋስ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለውን የዓሣ ጥበቃ ኮሚቴያችንን ቤት ጣራ ገንጥሎ ወስዶታል። ቆርቆሮው የሰው ሩዝ ማሳ ውስጥ ተጨማዶ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ዝናቡ ግን ወዲያው ተከተለ። መረቡም ሚዛኑም መዝገቡም ራሰ። ባዮሎጂስቶቻችን ሦስት ቀን ሙሉ መዝገቡን ገጽ በገጽ እየገለጡ ምድጃ ዳር ሲያደርቁ ሰነበቱ። በእስክሪብቶ የተጻፈው ፈሶ ጠፍቷል። በእርሳስ የተጻፈው ተርፏል። አሁን ሁሉም እርሳስ ብቻ ነው የሚይዙት።

ደክሞናል ብንል አልዋሸንም። ከጥር ወዲህ መዋጮው ቆሟል። ቆርቆሮ ቃል የገባልን አካልም ለሚቀጥለው በጀት አስተላልፎናል። እኛ ደግሞ ያለን ጊዜ ሐምሌ እስኪያልቅ ነው። ነሐሴ ሲገባ ዓሣው ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ ጠባቂዎቹም ማደሪያ ይፈልጋሉ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ግን ውጭ ያደጉት ልጆቻችሁ «ለዓሣ ጥበቃ ገንዘብ ምን ያደርጋል?» ይሏችኋል አሉ። እንዲህ በሏቸው። ቀረሶና አምባዛ ሌላም ሐይቅ ውስጥ አሉ። የጣና ነጭ ዓሣ ግን ከጣና በቀር የትም የለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግደው፣ ነጭ ዓሣው ጣና ውስጥ ለብቻው ሲዋለድ ኖሮ ወደ 15 ዓይነት ሆኗል። ግማሽ ያህሉ በክረምት ሐይቁን ትቶ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይ ይወጣል። ጠጠር ያለበትን፣ ጥልቀት የሌለውን ፈሳሽ ውሃ ፈልጎ ዕንቁላሉን እዚያ ይጥላል።

ጉዱ ያለው መንገድ ላይ ነው። ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። ከላይ ደግሞ ዓሣ የሚመርዘው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ላይ ይበተናል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ጣት የማታክል ጫጩት ሳትቀር ሆዷን ገልብጣ ትንሳፈፋለች። አይተነዋል፤ በእጃችንም ለቅመናል። ዕንቁላል የሚጣልበት ጠጠርና አሸዋ ደግሞ ለግንባታ እየተጫነ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ጥናት ነጭ ዓሣው በ75 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ያኔ እንኳ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ገና አልመጣም ነበር። እሱ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ወፎቹም ከዚህ አይለዩም። የወላላና የሸሸር ረግረጎች የምናውቃቸው አይደሉም። ውሃቸው ለሽንኩርት በሞተር ይሳባል፣ ዳሩ ይታረሳል። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓ የሚመጡት፣ ረጅም ምንቃራቸውን ጭቃ ውስጥ እየሰኩ የሚለቅሙት ወፎች የሚያርፉበት ጭቃ እያጡ ነው። ባለ ዘውዷ ክሬን ጎጆዋን የምትሠራው ሣሩ መሐል ነው። ሣሩ ሲታጨድ ምን ይቀራታል?

የሠራነውን ሳንናገር ብናልፍ ደግሞ የደከሙትን መበደል ይሆናል። አራት ጠባቂ ቀጥረናል። አራቱም ትናንት ዓሣ አጥማጆች የነበሩ ናቸው፤ መረብ የት እንደሚደበቅ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎች ብርብራ የበተነ ሰው ዕድር እንዳይገባ ተስማምተዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995፣ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። አዋጁ ሌሊት ወንዝ ዳር አያድርም፤ የሚያድሩት እነዚህ ልጆች ናቸው።

«ገንዘቡን በነዳጅ ጨረሱት» የሚል ወሬም ደርሶናል። አሳዝኖናል። ነዳጁ በእርግጥ ብዙ ወስዷል። ጀልባ ያለ ነዳጅ አይሄድም፤ መንገድ በተዘጋበት ጊዜም በጥቁር ገበያ ዋጋ ገዝተናል። ደረሰኝ ያልተገኘለት ግዢ ሁሉ በሦስት ምስክር ተፈርሞ ተቀምጧል። ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። ከኮሚቴው አባላት አንድም ሰው አበል አልወሰደም።

አንድ ነገር ከመጽሐፉ እናስታውሳችሁ። እግዚአብሔር «ብዙ፣ ተባዙ» ብሎ በመጀመሪያ የባረከው ሰውን አይደለም። ሐሙስ ዕለት የፈጠራቸውን የባሕር ፍጥረቶችና ወፎችን ነው። ዓሣው የሚወጣው ደግሞ ፍልሰታን በምንጾምበት ሰሞን ነው። ለክርስቲያኑ ምጽዋት ነው፣ ለሙስሊሙ ወንድማችን ሰደቃ። ጣና የሁላችንም ነው።

የሚያስፈልገን 40 ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ማገርና የአናጺ ክፍያ ነው። ከተረፈ ለጠባቂዎቹ የሁለት ወር ደመወዝ ይሆናል። አንድ ቆርቆሮ የቻለ አንድ ቆርቆሮ፣ ምስማር የቻለ ምስማር። ጉልበት ያለው ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ።

ስትልኩ እባካችሁ በኮሚቴው ስም ወደ ተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ላኩ። ቁጥሩ ማኅተም ባለበት የድጋፍ ደብዳቤ ላይ አለ። ገንዘቡ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ለጣራ» ብላችሁ ጻፉ። በቴሌብር የምትልኩም ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ተጠቀሙ።

ደግመን እንላለን፤ በግለሰብ ስም የሚላክላችሁን ቁጥር አትቀበሉ፣ የኛ አይደለም። የሒሳቡ ስም የኮሚቴው ስም መሆኑን አይታችሁ፣ «ለጣራ» ብላችሁ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዣችን ላኩላት። በማግስቱ ስማችሁን መዝገቡ ላይ ታሰፍራለች፤ በእርሳስ።