ተጠባባቂዎቹም ይሮጣሉ፦ የአትሌቲክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ለውድድር የሚወጡት ጥቂት ልጆች ናቸው። ክበቡ ይህን ሁሉ ተማሪ የሚሰበስበው ለምንድን ነው?» ይባላል። ዘንድሮ መልስ አለኝ። መልሱም አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

መጀመሪያ የተለመደውን ላንሳ። መስከረም ላይ ምዝገባ አካሄድን። ጥቅምት ላይ የተማሪ አመራር ተመረጠ። ስብሰባዎቻችን በዕቅዱ መሠረት ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤውን ማየት የሚፈልግ ቢሮ ያገኘዋል።

ልምምዳችን ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው። ግቢያችንን ታውቁታላችሁ። ሜዳው ጥበቱ ሳያንስ ግማሹ ላይ አሸዋና ድንጋይ እንደተከመረበት ዓመቱ አለቀ። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹን ይዤ መስቀል አደባባይ እወርዳለሁ። ደረጃው ላይ ከዳር እስከ ዳር መመላለስ ክፍያ የለውም። ትልልቆቹ አትሌቶችም እዚያው ይሠራሉ። ልጆቻችን ከኋላቸው ተከትለው ለመቆየት ሲታገሉ ማየት በራሱ ትምህርት ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ቤተሰቧ ፒያሳ ነበር የሚኖረው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። እናቷ ጉሊት ይቸረችሩ ነበር፤ ደንበኞቻቸውም እንደነሱ በየአቅጣጫው ተበታተኑ። ልጅቷ ግን ከጓደኞቼ አልለይም ብላ እዚሁ እኛ ጋ ተመዘገበች። ሳይነጋ ተነስታ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ግን ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

እስከ 8ኛ ክፍል የትምህርት ቤት ምገባ ነበራት። 9ኛ ክፍል ስትገባ ቀረ። ከልምምድ በኋላ ሌሎቹ ዳቦ ሲገዙ እሷ የጫማ ክር ስታስር ትቆያለች። ምገባው ለታናናሾቹ ያደረገውን በዓይናችን አይተናል፤ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ረሃብ ክፍል አይቆጥርም። በተለይ የሚሮጥ ልጅ ረሃብ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጃን ሜዳ ላይ የክፍለ ከተማው የትምህርት ቤቶች ውድድር ተካሄደ። እሷ ለሴቶች 3,000 ሜትር ተጠባባቂ ነበረች። የውድድሩ ዕለት ጠዋት ዋናዋ ሯጫችን ትኩሳት ይዟት መጣች። ቤት መቅረት አልቻለችም፤ ጋቢ ተከናንባ ሳሩ ላይ ተቀመጠች። ተጠባባቂዋ ገባች ማለት ነው። ነገር ግን በበጀታችን የተገዛው ጫማ ለዋናው ቡድን ብቻ ነው። በእግሯ ያለው ሶሉ የተላቀቀ ሸራ ጫማ ነበር።

ማንም ምንም ሳይላት ያመማት ልጅ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች። አንድ ቁጥር ይሰፋ ነበር። ሌላ ካልሲ ደረቡበት።

«ቲቸር፣ ከኋላ ልጀምር?» አለችኝ።

«ከኋላ ጀምሪ፤ ግን አትራቂያቸው» አልኳት።

እንዳልኳት አደረገች። ሁለት ዙር ሙሉ መጨረሻ ላይ ነበረች። ከዚያ አንድ በአንድ ትለቅማቸው ጀመር። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከፊቷ የቀሩት ሁለት ነበሩ። ያመማት ልጅ ጋቢዋን ጥላ በመሮጫው ዳር ስሟን እየጠራች ትሮጣለች፤ እኔም ልከለክላት አልቻልኩም። ተጠባባቂዋ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሁለቱንም አለፈቻቸው። አንደኛ!

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ቀጥሎ የሆነው ነው። ትንፋሿ ሳይመለስ ቁጭ ብላ ጫማውን አወለቀች። የተጣበቀበትን ሳርና አፈር በእጇ ጠርጋ ለጓደኛዋ መለሰች። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። በመምህርነት ዘመኔ ብዙ ሜዳሊያ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ የሚሆንብኝ ግን የለም።

በኋላ ክፍለ ከተማውን ወክላ በከተማ ደረጃ ሦስተኛ ወጣች። አሁን አንድ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ለሥልጠና ተቀብሏታል።

እንግዲህ የወተመሁን ጥያቄ በዚህ ዓይን እንየው። አትሌት ታምራት ቶላ ለፓሪሱ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ በእሱ ቦታ ገባ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. 2፡06፡26 በሆነ ሰዓት የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። በወንዶች ማራቶን ለኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲመጣ ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ 24 ዓመት አልፎ ነበር። ተጠባባቂ ነኝና ልምምዱ ይቅርብኝ ቢል ኖሮ ያን ቀን ማን ይደርስልን ነበር? እኛም ተጠባባቂ የምንላቸውን ልጆች ማሠልጠን አለብን። ጫማም ለእነሱ ጭምር መገዛት አለበት።

ያልተሳካም አለ። የወንዶች ዱላ ቅብብል ቡድናችን ዱላ ጥሎ ከውድድር ወጣ። ልጆቹን አልወቅስም፤ ዓመቱን ሙሉ የተለማመዱት በተቆረጠ የመጥረጊያ እንጨት ነው። ሁለት ጎበዝ ሯጮች ደግሞ ሥራ ፍለጋ ትምህርት አቋረጡ። ቤታቸው ሄደን ወላጆቻቸውን አነጋግረናል፤ አንዱ በ2018 እመለሳለሁ ብሎናል።

ለቀጣዩ ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የቅዳሜ ልምምድ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ ዳቦ፣ እንቁላልና ሙዝ። ከሩቅ ለሚመጡት የትራንስፖርት። ሁለት እውነተኛ የቅብብል ዱላ። ከ37 እስከ 42 ቁጥር የመሮጫ ጫማ፤ ያገለገለም ቢሆን ሶሉ ደህና ከሆነ ይበቃናል። 38 ቁጥር ያላችሁ ግን አስቀድሙልን፤ ሻምፒዮናችን እስካሁን የምትሮጠው በጓደኛዋ ጫማ ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ በተለይ እዚሁ ፒያሳና አራት ኪሎ ሱቅ ያላችሁ፣ ጥሪው ለእናንተም ነው። የስፖርት ክፍሉ ቢሮ ክረምቱንም ክፍት ነው፤ የምትሰጡት ሁሉ በደረሰኝ ይመዘገባል።