ጀግናችንን ማንም አልቀማንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን አንባቢዎች በሩቅ ዘመን በአንዲት የበረሃ ፕላኔት ላይ ስለሚካሄደው የፍራንክ ኸርበርት ልብ ወለድ ስለ «ዱን» ሁለተኛ መጽሐፍ የሚሉትን ስከታተል ቆይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ወቀሳው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። የመጀመሪያው ወደር የለውም፣ ሁለተኛው «ዱን መሲሕ» ግን ባይጻፍ ይሻል ነበር። አንዱማ ጭራሽ «ደራሲው ጀግናችንን ቀማን» ብሎ አረፈው። አልፈርድበትም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ብሽቅ ብዬ ግማሹ ላይ ትቼዋለሁ፤ መደርደሪያው ላይ እንኳ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ያስቀመጥኩት። ደግሜ ያነሳሁት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፣ እሱም ሌላ የሚነበብ ስላጣሁ።

ያኔ ግን በቀጥታ ወደ ሁለተኛው አልገባሁም። የመጀመሪያውን እንደ አዲስ ጀመርኩት። እና አፈርኩ። ፍራንክ ኸርበርት ምንም አልደበቀንም። ጀግናችን ፖል አባቱ ተገድሎ፣ ከእናቱ ጋር ወደ በረሃ ሸሽቶ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሚመጣውን ሁሉ ያየዋል። በአባቱ ሰንደቅ ሥር በየዓለሙ ደም የሚያፈስ፣ በእሱ ስም የሚገድል ሠራዊት ያያል። ይሄ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው፣ ያውም ገና ግማሹ ሳይደርስ። ቆየት ብሎ ደግሞ ካይንስ የሚባለው የፕላኔቷ ተመራማሪ በረሃ ላይ ተጥሎ ሊሞት ሲያጣጥር የሟች አባቱን ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁም ለሕዝብህ በጀግና እጅ ከመውደቅ የከፋ መዓት የለም ይለዋል። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይንገረን? እኛ ግን የበረሃው ሰዎች እንደ ፈረስ በሚጋልቡት በዚያ ግዙፍ ትል ላይ ተፈናጠን እየጋለብን ነበር። ማን ይስማ!

(ሁለተኛውን ያላነበባችሁ ከዚህ በኋላ ያለውን ዝለሉት፣ ኋላ እኔን እንዳትረግሙ።)

ታሪኩ የሚጀምረው ፖል በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ካገኘው ድል 12 ዓመት በኋላ ነው። ፖል ንጉሠ ነገሥት ሆኗል። አንድ ቦታ ላይ ከወዳጁ ከስቲልጋር ጋር ስለ ጥንት ድል አድራጊዎች ያወራሉ። ጄንጊስ ካን ምናልባት 4 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፣ ሂትለር ደግሞ ከ6 ሚሊዮን በላይ ይለዋል ፖል። ስቲልጋር ምን ቢል ጥሩ ነው? ቁጥሩ አልገረመውም! ያን ጊዜ ፖል የራሱን ይዘረግፍለታል። ቢቀነስ ቢቀነስ 61 ቢሊዮን ሰው ሞቷል። 90 ፕላኔት ሕይወት አልባ ሆኗል፣ የ500ው ቅስም ተሰብሯል፣ የ40 ሃይማኖት ተከታዮች ከምድረ ገጽ ጠፍተዋል። ይህን ገጽ መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት እስካሁን አይገባኝም። ስቲልጋር እኮ የምንወደው ሰው ነው፣ ያ አስተዋይ የበረሃ አለቃ። ፖልም ቢሆን ወዳጁ ወደ አምላኪነት ሲለወጥ ያየው ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ኸርበርት ይህንንም አልደበቀንም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ «ጀግናችን ለምን ወደቀ» ብሎ ያኮረፈው አንባቢ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 «አናሎግ» መጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣው አዘጋጁ ጆን ካምቤል ሁለተኛውን አልቀበልም አለ። የሚፈልገው ጀግና ነበር፣ የወደቀ ጀግና አይደለም። ታሪኩ በ1969 «ጋላክሲ» መጽሔት ላይ ወጣ። ግን ዛሬ ሁሉም የሚምልበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ራሱ ከ20 በላይ አሳታሚዎች የመለሱት ነው፤ በ1965 ደፍሮ ያሳተመው በመኪና ጥገና መጻሕፍት የሚታወቀው ቺልተን ነበር። እና የአንድ ሰሞን ፊት መንሳት ስለ መጽሐፉ ብዙ አይነግረንም።

እሺ፣ ጥፋት የለበትም ልል አይደለም። ወሬ ይበዛዋል። ሴረኞቹ ተሰብስበው ይዶልታሉ፣ አንዱማ ጋን በመሰለ ነገር ውስጥ ተንሳፎ ነው የሚዶልተው፣ ከዚያ ሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ ንግግር ይቀጥላል። ያ 12 ዓመት የፈጀ ጦርነት በአብዛኛው ከጀርባ ቀርቶ በወሬ ነው የሚደርሰን። የፖል ፍቅረኛ ቻኒም ታሳዝነኛለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ ቢላዋ ይዛ የምናውቃት ተዋጊ እዚህ ልጅ ለመውለድ ብቻ የመጣች ትመስላለች፤ ለፖል በስም ብቻ ሚስቱ የሆነችው ልዕልት ኢሩላን ምግቧ ውስጥ በድብቅ የወሊድ መከላከያ ስትጨምርባት ኖራ በመጨረሻ በወሊድ ትሞታለች። በዚህ በዚህ ቅሬታ ያላችሁ፣ አብሬያችሁ ነኝ። በፊልሙ በኩል የመጡ አንባቢዎች በመጽሐፉ ብዙም የማይደነግጡትም ለዚህ ይመስለኛል፤ በ2024ቱ ፊልም ቻኒ ለንጉሡ አልሰግድም ብላ ትታው ስትሄድ አይተዋል። ነገሩ አስቀድሞ ሸቷቸዋል።

ግን ያ መጨረሻ! ፖል ዓይኖቹን በጦር መሣሪያ ካጣ በኋላም የሚያይ ሰው ይመስላል፣ ምክንያቱም የሚሆነውን ሁሉ ቀድሞ በራእይ ስላየው እርምጃው አይሳሳትም። ሰው ሁሉ ተአምር ነው ይላል። ከዚያ ቻኒ መንታ ትወልዳለች። በራእዩ ያያት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች። ወንዱን አላየውም። እዚያው ራእዩ ይከዳዋል፣ እውነተኛው ጨለማ ይመጣል፣ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ በጨቅላው ልጁ ዓይን ራሱን ያያል። ከዚያ ፍሬመን ከሚባለው የበረሃ ሕዝብ እንደ ማንኛውም ዓይነ ስውር ብቻውን ወደ በረሃው ይሄዳል። ሕጋቸው እንደዚያ ነዋ። ሁሉን ያውቃል ብለው ያመለኩት ሰው በገዛ ቤቱ የሚወለደውን አያውቅም። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቁጭ ብያለሁ።

«ቀማን» ላልከው ወንድሜ አንድ ልመና አለኝ። ሁለተኛውን ተወው። የመጀመሪያውን አንሳና ያችን የድንኳን ምዕራፍ ብቻ ቀስ ብለህ አንብባት፣ ከዚያ ተሳስተሃል የምትለኝ ከሆነ እዚሁ ጋዜጣ ላይ ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ትል ጋልቦ የወረደ አንባቢ