ፍርድ ባገኘ ጉዳይ ላይ አዲስ የቸልተኝነት ክስ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ፒያሳዋ ደንበኛሽ የጻፍሽልኝ ደረሰኝ። ጎረቤቷ ለሕንጻ መሠረት ሲያስቆፍር የሱቋ ግድግዳ ተሰንጥቆ፣ የማሠሪያውን ወጪ ከሳ ፍርድ ተሰጥቷል፤ አሁን ደግሞ ሱቁ ተዘግቶ የቀረባትን ገቢ በቸልተኝነት ልትከስ ፈልጋለች። አቤቱታ መጻፉን አቆዪና ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄደሽ የፊተኛውን ውሳኔ ሙሉ ግልባጭ አውጪ።

መጀመሪያ የምታነቢው ጭብጥ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ ሊወስነው የለየው የክርክር ነጥብ፣ የተያዘበትን ክፍል ነው። ፍርድ ቤቱ «ተከሳሽ በቁፋሮው ጥፋት አለበት ወይስ የለበትም?» ብሎ ማስረጃ ሰምቶ «የለበትም» ካለ፣ ነገሩ እዚያው አልቋል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 5 የሚዘጋው ክሱን ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ተነሥቶ የመጨረሻ ውሳኔ ያገኘውን ጭብጥም ነው። የካሳውን ዓይነት መቀየር አያድንም። ተከራካሪዎቹ ግን እነዚያው ወይም መብታቸውን ከእነሱ ያገኙ፣ ለምሳሌ ወራሾች፣ መሆን አለባቸው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚሁ በቁጥር 5 ንዑስ ቁጥር 2 ነው፦ ሊነሣ የሚችልና ይገባውም የነበረ ነጥብ ባይነሣም እንደ ተነሣ ይቆጠራል። ከፍርድ ቤቱ ተጠይቆ በግልጽ ያልተፈቀደ ዳኝነትም፣ ማለትም ከሳሽ ይወሰንልኝ ያለው ነገር፣ በንዑስ ቁጥር 3 እንደ ተከለከለ ነው። ቁጥር 216 በበኩሉ ከአንድ የክስ ምክንያት የሚመነጨው ጥያቄ ሁሉ ተጠቃሎ እንዲቀርብ ያዛል። ስለዚህ ለግድግዳው ብታስፈርድም፣ ሱቁ ያን ጊዜ ተዘግቶ ከነበረ ገቢውን አብራ መጠየቅ ነበረባት። የዳኝነት ክፍያ ለመቆጠብ ጥያቄን የሚቆርስ ሰው የሚያተርፈው ይህንን ነው፤ እኔ በበኩሌ ለደንበኛ የሚሰጥ ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም። ሱቁ የተዘጋው ከፍርዱ በኋላ በተደረገ ሌላ ቁፋሮ ከሆነ ግን ድርጊቱም የክሱ ምክንያትም አዲስ ነው። የሁለቱን ቁፋሮ ቀን ለይተሽ በማስረጃ አሳዪ።

የተዘጋ መዝገብ ሁሉ በር አይዘጋም። ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ፣ በሥልጣን ምክንያት ብቻ ውድቅ የተደረገ ክስ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። የቸገረው ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ ነው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን በዚያው ይቆጠራል።

ተከሳሽ በወንጀል ክስ ነፃ መለቀቁም አያስደንግጥሽ። በዚሁ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛ ጥፋት መኖሩን ሲመረምር በዚያ አይታሰርም። ከሾፌርና ከባለመኪና ጋር የተያያዘ ጉዳይ ሲገጥምሽ ደግሞ ቁጥር 2081ን አስታውሺ፤ የባለመኪናው ኃላፊነት ጥፋት ስለማይጠይቅ፣ «ሾፌሩ አላጠፋም» የሚል ፍርድ ብቻውን እሱን ነፃ አያወጣውም።

ተቃራኒው ጠበቃ ከመከላከያ መልሱ ጋር በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ፍሬ ነገሩ ከመሰማቱ በፊት ክሱ እንዲዘጋ የሚጠይቅ ተቃውሞ፣ ማንሣቱና የውሳኔውን ግልባጭ ማያያዙ አይቀርም። መቃወሚያው ተቀባይነት ካገኘ አንድም ምስክር ሳይሰማ መዝገቡ ይዘጋል፤ ወጪና ኪሣራም ይከተላል። እንግዲህ ውሳኔው «ጥፋት የለም» የሚል ሆኖ ከተሰጠ 60 ቀን ካላለፈው፣ አዲሱን ክስ ትተሽ ይግባኝ በይ። የተሰጠበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፊልኝ።

አባትሽ