ደብዳቤ ለልጄ፦ ያዳመጥኸውን አታውጣ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እናትህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሁሉ በፊት እንኳን ለልደትህ አደረሰህ። የአማተር ሬዲዮ (ለክፍያ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች) ፈተናውን አልፈህ፣ በአየር ላይ የምትታወቅበት የራስህ የጥሪ ምልክት የተሰጠህ ዕለት የተሰማኝን ደስታ በስልክ መግለጽ ስላቃተኝ በደብዳቤ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ብዕሬን ሳላነሣ ግን እህትህ ሌላ ወሬ ነገረችኝ። የፖሊስንና የአምቡላንስን መስመር በሚያስሰው መቀበያህ፣ በስካነርህ፣ የአምቡላንስ ጥሪ ሰምተህ፣ ሕንፃው የምናውቃቸው ሰዎች የሚኖሩበት መሆኑን ስትረዳ፣ በማኅበራችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍህ አሉ። የታመመው የሌላ አፓርታማ ሰው ሆኖ ተገኘ። እስከዚያው ግን ወሬው አዲስ አበባ ደርሶ፣ እናታቸው በውድቅት ሌሊት «ልጅዎ እንዴት ሆነ?» የሚል ስልክ ተደውሎላቸው፣ እስኪነጋ ሲያለቅሱ አደሩ። ክፋት አስበህ እንዳላደረግኸው አውቃለሁ፤ ሰው ቶሎ እንዲደርስላቸው ብለህ ነው። ቢሆንም ልጄ፣ ያዳመጥኸውን አታውጣ።

ማዳመጡን ተው ማለቴ አይደለም፤ እኔ ራሴ ያለሱ መዋል የማልችል ሰው መሆኔን ታውቃለህ። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ያቺን ትንሽ መቀበያ ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጥና ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለውን የአውሮፕላኖች መስመር እከፍታለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የ500 ቁጥር በረራችን እዚህ ወዳለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ፣ አብራሪው «ኢትዮጵያን» ብሎ ራሱን ሲጠራ፣ ድምፁ ያገሬ ልጅ ድምፅ ከሆነ ደረቴ ይሞላል። እናትህም ጀበናውን እንደያዘች ብቅ ትልና «ደረሱ?» ትለኛለች፤ ማን እንደ መጣ ግን አናውቅም። በዚያ መስመር ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማማ በረራዎቹን የሚመራው ሰው ከሕንፃና ከኮረብታ ጀርባ ሆኖ ድምፁ አይደርሰንም፤ ሰማይ ላይ ያለው አብራሪ ግን ከሩቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ የምንሰማው የንግግሩን ግማሽ ብቻ ነው፤ የቀረውን መገመት ደግሞ ራሱን የቻለ ደስታ ነው።

አሁን የያዝኸው ፈቃድ ግን ከዚህ የተለየ በር ከፍቶልሃል፤ ልዩነቱን ልብ በልልኝ። በአማተር ሬዲዮ የሚነገረው ነገር ሁሉ እንዲሰማ ተብሎ የሚነገር ነው። ሕጉ ትርጉሙን ለመሰወር በምስጢር ኮድ መነጋገርን ይከለክላል፤ ለክፍያ መሥራትንም ይከለክላል፤ ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና በንግግርህ መጨረሻ የጥሪ ምልክትህን እንድትናገር ያዝዛል። እዚያ የማታውቀው ሰው ጣልቃ ቢገባ እንግዳ ነው፤ ሰላምታ ይሰጠዋል። በስካነር የምትሰማው ግን ለአንተ የተላከ ቃል አይደለም፤ ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው፣ ልጇ የታመመባት እናት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የአሜሪካ የመገናኛ ሕግም ለሌላ የተላከን የሬዲዮ መልእክት ጠልፎ ማሰራጨትን ወይም ለራስ ጥቅም ማዋልን ይከለክላል፤ ለሕዝብ የሚተላለፈውን፣ የአማተሮችን ንግግርና የድረሱልኝ ጥሪን ግን ከዚህ ነጻ አድርጓል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ፣ መጀመሪያ የሚጠራው አድራሻ በደነገጠ ሰው አፍ የተነገረ ነው፤ ከደቂቃዎች በኋላ ይታረማል፤ እርማቱን ግን አንተ ሳትሰማው ልታልፍ ትችላለህ። አዳምጥ፤ ያዳመጥኸውን ግን አታውጣ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለምን እንደ ሆነ ልንገርህ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ገደለ፤ በማግስቱ እሑድ ነገሩ በሬዲዮ ተነገረ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። የጎረቤታችን የእማማ ወንድም ከታሰሩት አንዱ ነበሩ። አያትህ በእኛ ቤት ሬዲዮ የሟቾቹን ስም ንባብ መጀመሪያ እንደሰሙ ነጠላቸውን አነሡና የጎረቤታቸውን ሬዲዮ ሊያጠፉ ሮጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አጥሩን ሳናልፍ ጩኸቱ ተሰማ። ስንገባ በምጣዱ ላይ የነበረው ቡና አሮ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል፤ እማማ መሬት ላይ ተዘርግተው ፊታቸውን ይነጫሉ፤ ሬዲዮው ግን ማንበቡን አላቆመም። በአገራችን መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ የሚነገር ነገር ነው። እዚህ ቨርጂኒያ እንኳ ሰው ከሥራው አስፈቅዶ፣ ገና ሳይነጋ በሩ ላይ ተሰብስቦ ነው የሚያረዳው። እማማ ግን ብቻቸውን ሰሙት። አያትህ እስኪሞቱ ድረስ «ምነው በቀደምኩ» ይሉ ነበር። በዚያ ቀን የሆነውን ለአንተ በዝርዝር ስነግርህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እህትህን ይዘህ እነዚያ ሰዎች ቤት ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። በስልክ አይሆንም። የጻፍኸውንም ዛሬውኑ አጥፋው።

ሌላም አለ። በኒው ዮርክ ግዛት የፖሊስን መስመር የሚቀበል ሬዲዮ መኪና ውስጥ መግጠም ክልክል ነው፤ የአማተር ፈቃድ ያለው ሰው ከክልከላው ነጻ ቢሆንም፣ ያስቆመህ ፖሊስ ይህን ላያውቅ ይችላልና የፈቃድህን ቅጂ ከመንጃ ፈቃድህ ጋር ያዝ፤ እጅህንም መሪው ላይ አድርገህ በትሕትና ተናገር። አንቴናህን ስትሰቅል ከኤሌክትሪክ መስመር ራቅ፤ ቢወድቅ እንኳ ገመዱን የማይነካበት ርቀት ይኑረው። ነጎድጓድ ከመምጣቱ በፊት የአንቴናውን ገመድ ንቀል። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በላይህ ሲያልፍ 145.800 ሜጋኸርዝ ላይ ጠብቀው፤ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆይልህ። እሱን የሰማህ ዕለት ለፈለግኸው ሁሉ አውራ፤ እኔንም ከእንቅልፌ ቀስቅሰኝ።

እኔን የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። በልጅነቴ በአጭር ሞገድ የምሥራች ድምፅን፣ ዶይቼ ቬለን፣ ስሙን የማላውቀውን የሩቅ አገር ጣቢያ ሁሉ እሰማ ነበር፤ መስማት እንጂ መመለስ አልችልም ነበር። በደርግ ዘመን እንደኔ ያለ ልጅ ማሰራጫ ይኑረኝ ብሎ ማሰብ እንኳ የሚያስፈራ ነበር። ከዚያ ስደቱና ሥራው መጣ፤ ዕድሜው ሄደ። ዛሬ 5 ኪሎ በሚገኘው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የአማተሮች ማኅበር ጣቢያ አለ፤ ተማሪዎች ማይኩን ይዘው ከዓለም ጋር ይነጋገራሉ። ልጄ ከእነርሱ ጋር ሲነጋገር አጠገቡ ተቀምጬ መስማት እፈልጋለሁ።

አሁን ባለህ የመጀመሪያ ደረጃ፣ የቴክኒሺያን፣ ፈቃድ ወደዚያ የሚያደርሰው የ14 ሜጋኸርዝ መስመር አይፈቀድልህም፤ የቀጣዩን ደረጃ፣ የጄነራሉን፣ ፈተና መውሰድ አለብህ። እንደ መጀመሪያው 35 ጥያቄ ነው፤ 26 ከመለስህ አለፍህ። በፀሐይ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች በ11 ዓመት ገደማ እየበዙና እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ሲበዙ የላይኛው አየር ሞገዱን አጥፎ ባሕር ማዶ ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከፍተኛው ወቅት ላይ መድረሱ ተነግሯል፤ አሁን እየቀነሰ ነውና አታዘግይ። የፈተናውን ክፍያ እኔ እልክልሃለሁ። ቀኑን ስትቆርጥ ጻፍልኝ፤ አዲስ አበባ ያለው የአጎትህ ልጅ 5 ኪሎ ሄዶ ተማሪዎቹ መቼ መቼ አየር ላይ እንደሚወጡ ይጠይቅልናል።

አባትህ