እባክዎ በወጉ ይከልክሉኝ፦ ለአንድ የፕሬዚዳንት ቤተ መዛግብት ዳይሬክተር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዳይሬክተር፣

ከዚህ በፊት አራት ደብዳቤዎችን በእንግሊዝኛ ጽፌልዎታለሁ። አንዳቸውም በቅጡ ስላልተነበቡ አምስተኛውን በአማርኛ ብጽፈው የሚጎድልብኝ ነገር የለም፤ ቢያንስ የሚያነብልኝ ሰው አገኛለሁ። የተቋምዎንም ሆነ መዛግብታቸውን የሚጠብቁላቸውን የቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም ሆን ብዬ አልጠቅስም። በንባብ ክፍልዎ የሚያገለግሉት ባለሙያዎች ትሑትና ትጉ ሰዎች ናቸው፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ባጠፋው እነርሱ እንዲወቀሱ አልሻም። እርስዎ ግን ስለ የትኛው ቀንና ስለ የትኛው ፎልደር እንደምናገር አያጡትም።

ሥራዬ የአንድን ፕሬዚዳንት የአንድ ቀን ውሎ ከመንግሥት መዛግብት ለቅሞ መልሶ መግጠም ነው። ይህ ለእርስዎ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንባቢ እንዲረዳው ብቻ ጥቂት ላብራራ። ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የቀጠሮ ዝርዝሩን ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም ያነሰ እምነት የሚጣልበት እርሱ ነው፣ ምክንያቱም የሚነግረን ሊደረግ የታሰበውን እንጂ የተደረገውን አይደለም። የተደረገውን የሚያውቁት ሌሎች ናቸው፦ ማን በስንት ሰዓት እንደ ገባ የሚጽፈው በር ጠባቂ፣ ፕሬዚዳንቱ ወደ መኖሪያ ክፍላቸው የወጡበትን ደቂቃ የሚመዘግበው እልፍኝ አስከልካይ፣ የስልክ ጥሪዎችን የሚያገናኘው ኦፕሬተር፣ እንቅስቃሴያቸውን እግር በእግር የሚከታተለው የጥበቃ ክፍል፣ በሄሊኮፕተሩ ማን እንደ ተሳፈረ የሚቆጥረው ወታደር፣ የፊልሙን ጥቅል ቁጥር የሚጽፈው ፎቶግራፈር። የጥንቶቹ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ንጉሡ ሊነበብላቸው የሚወዱትን ይጽፉ ነበር። የስልክ ኦፕሬተሩ ግን ማን እንደሚያነበው ስለማያስብ ማንንም አያወድስም፣ ማንንም አይሸፍንም፤ ደቂቃውን ጽፎ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነብ ሰው ፕሬዚዳንቱ በማስታወሻ መጽሐፋቸው ካሰፈሩት ቀን ይልቅ በእውነት ወደ ዋሉት ቀን ይቀርባል።

አገርዎ በዚህ ረገድ ያላትን ሀብት አልክድም። የፍራንክሊን ሩዝቬልትን ዘመን የምናውቀው ከእልፍኝ አስከልካዮቹና ከጽሕፈት ቤቱ ዕለታዊ መዝገብ ሲሆን፣ ቀን በቀን ተሰናድቶ ለሕዝብ ቀርቧል። ሩዝቬልት በአውሮፓ አቆጣጠር የካቲት 13 ቀን 1945 በስዊዝ ቦይ መስመር በሚገኘው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ በኩዊንሲ መርከብ ውስጥ፣ በመጀመሪያ የግብፁን ንጉሥ ፋሩክን፣ በዚያው ቀን ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ማነጋገራቸውንና በማግሥቱ የሳውዲውን ንጉሥ ኢብን ሳዑድን መቀበላቸውን አንድ የኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ ዛሬ ያለ ክርክር የሚያውቀው፣ በጉዞው ላይ የነበረ የባሕር ኃይል መኮንን የዕለቱን ውሎ በትጋት ስለ መዘገበ ነው። በሊንደን ጆንሰን ዘመን በቢሯቸው ደጃፍ የሚቀመጡት ጸሐፊዎች የገባ የወጣውን፣ የደወለ የተደወለለትን ይጽፉ ነበር። ከሪቻርድ ኒክሰን ወዲህ ደግሞ ሥራው የበለጠ ወግ ያዘ፦ ልዩ ልዩ መዝገቦች በባለሙያ እጅ ተሰብስበው በአንድ ቅጽ ላይ ይገለበጣሉ፤ ቅጹ ጉዳዩ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ደቂቃ የሚያሳይ ዓምድ አለው፣ ስልክ ከሆነም ፕሬዚዳንቱ ደውለው እንደ ሆነ ወይም ተደውሎላቸው እንደ ሆነ በአንድ ፊደል ይለያል። ኒክሰን በቢሯቸው በምስጢር ያስቀዷቸውን ንግግሮች የድምፅ ቅጂዎች ሲያዳምጡ፣ ማን ከማን ጋር መቼ እንደ ተናገረ ለመለየት ባለሙያዎች የተደገፉት በዚህ መዝገብ ነው። በሰኔ 20 ቀን 1972 ቅጂ ላይ 18 ደቂቃ ተኩል ጠፍቶ ሲገኝ፣ በዚያ ሰዓት ከኒክሰን ጋር የነበረው የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ሃልደማን መሆኑን ማንም ሊክድ አልቻለም። ድምፁ ቢደመሰስም መዝገቡ ነበረ፣ የሃልደማን የእጅ ማስታወሻም ነበረ።

እርስዎና እኔ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። በመዝገብ ውስጥ ያለ ባዶ ቦታም ራሱ መረጃ ነው። ሰልፈኞች የአሜሪካን ምክር ቤት የወረሩበትን የጥር 6 ቀን 2021ን ነገር ያስታውሳሉ፤ ለኮንግረሱ አጣሪ ኮሚቴ በቀረበው የኋይት ሐውስ የስልክ መዝገብ ላይ 7 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ያህል አንድም ጥሪ አልሰፈረም ነበር። ያ ክፍተት የታወቀው መዝገቡ ስለ ተሰጠ ነው። ባይሰጥ ኖሮ ክፍተት መኖሩን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። እርስዎ በእኔ ላይ የፈጸሙት ከዚህም የከፋ ነው፤ ክፍተቱን አሳይተውኝ ሲያበቁ ዓይንህ ነው ብለውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምመረምረው ቀን የፕሬዚዳንቱ የውሎ መዝገብ ከምሳ በኋላ ለ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ባዶ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ገጽ በደቂቃ የተሞላ ነው፤ ከዚያ በኋላም እንደዚያው። በበር ጠባቂዎቹ ዝርዝር ግን በዚያ ሰዓት አንድ እንግዳ ገብቷል። የእልፍኙ መዝገብ ፕሬዚዳንቱ ወደ መኖሪያ ፎቅ እንደ ወጡ ይናገራል። የፎቶግራፈሩ ጥቅል ላይ እንግዳው ኮቱን ለአስተናጋጅ ሲሰጥ ይታያል። በበር የገባ፣ በካሜራ የታየ፣ ኮቱን ያወለቀ ሰው በውሎ መዝገቡ ላይ የለም። ቀጥሎ ያለውን ፎልደር አስወጣሁ። በውስጡ ያገኘሁት ሰነድ ሳይሆን፣ ሰነድ ሲነሣ በፈንታው የሚቀመጠውን ቅጽ ነው። ቅጹን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፦ የሰነዱ ዓይነት፣ ላኪና ተቀባይ ወይም ርዕስ፣ ቀን፣ የክልከላው ምክንያት። የሰነዱ ዓይነት በሚለው ሥር «ማስታወሻ፣ 2 ገጽ» ተብሎ ተጽፏል። ቀኑ የእኔው ቀን ነው። በምክንያቱ ዓምድ «ኤ» የሚል ፊደል አለ፤ ትርጉሙም በቅጹ ግርጌ እንደ ተገለጸው፣ የአገር ደኅንነት መረጃን በሚመለከተው ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ የተዘጋ ማለት ነው። የእርስዎ ባልደረባ ፈርሞበታል።

አልተቆጣሁም። ምስጢር ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሥርዓቱም መንገድ አለው። በትዕዛዝ ቁጥር 13526 መሠረት ማንኛውም ሰው አንድን የተዘጋ ሰነድ ለይቶ ጠቅሶ ምስጢርነቱ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ጠየቅሁ። የሣጥኑን ቁጥር፣ የፎልደሩን ስም፣ የሰነዱን ቀንና የገጽ ብዛት ጠቀስሁ። የጉዳይ ቁጥር ተሰጠኝ። የአፈጻጸም መመሪያው ውሳኔ ለመስጠት 1 ዓመት ይፈቅዳል፤ እርስዎ 14 ወር ወሰዱ፤ እርሱንም ታገሥሁ። በ14ኛው ወር የደረሰኝ ደብዳቤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረው፤ ከጥያቄዬ ጋር የሚመሳሰል ሰነድ አልተገኘም ይላል።

ክቡር ዳይሬክተር፣ «አልተገኘም» ማለት ምን ማለት ነው? ከሌለ ባልደረባዎ የፈረመው ምን ላይ ነው? የሌለ ሰነድ እንዴት 2 ገጽ ይኖረዋል? የሌለ ሰነድ እንዴት «ኤ» የሚል ፊደል ይሰጠዋል? ወይስ ነበረና ጠፋ? ከጠፋ ደግሞ እኔ ከምጽፈው ደብዳቤ በፊት እርስዎ ሊጽፉት የሚገባ ሌላ ደብዳቤ አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአለቆችዎ። ቅጹን በንባብ ክፍሉ ፈቃድ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንስቼ ላክሁልዎ። መልሱ ያው ዐረፍተ ነገር ነበር፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ደወልሁ፤ «እየታየ ነው» ተባልሁ። የሌለ ነገር ሲታይ እንዴት እንደሚውል ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

አንባቢ ይህን እንደ ተራ የቢሮ ዝርክርክነት ሊቆጥረው ይችላል። እኔም በመጀመሪያ እንደዚያ ነበር የቆጠርኩት። ቆይቶ ግን የመልሱ ጥቅም ገባኝ። እርስዎ «ከልክለናል» ቢሉኝ ኖሮ ይግባኝ አለኝ፤ በመጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎም የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ወደሚቀመጡበት የምስጢር ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እሄድ ነበር። ያ ጉባኤ ሰነዱን በዓይኑ አይቶ የእርስዎን ውሳኔ ሊሽር ይችላል። «አልተገኘም» ካሉኝ ግን የተከለከልኩት ነገር የለምና ይግባኝ የምልበት ውሳኔም የለም። በር ቢዘጋብኝ አንኳኳ ነበር፤ እርስዎ ግን በሩንም ቤቱንም አንስተው ሜዳ ላይ አቆሙኝ።

ትዕዛዙ ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ እንኳ መውጫ ትቶልዎት ነበር። የሰነዱ መኖር ራሱ ምስጢር ከሆነ፣ መኖሩንም አለመኖሩንም አላረጋግጥም ማለት ይፈቀዳል። ይህ የስለላ ድርጅቱ ሲአይኤ ስለ ምስጢራዊው የግሎማር መርከብ ተጠይቆ ከሰጠበት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ መልስ ነው፤ ጠያቂን የሚያናድድ ቢሆንም ውሸት አይደለም፣ ይግባኝም ይባልበታል። እርስዎ ግን ይህን አላሉም። ደግሞስ መኖሩን በራስዎ ቅጽ ለማንኛውም አንባቢ ካወጁ በኋላ እንዴት ብለው ይሉታል? ያው ትዕዛዝ አንድ ነገር የሕግ ጥሰትን፣ የአሠራር ስሕተትን ወይም ለመሸማቀቅ የሚያበቃ ነገርን ለመሸፈን ሲባል ምስጢር ሊባል እንደማይችልም በግልጽ ይደነግጋል። ይህን ለእርስዎ ማስታወስ ያሳፍረኛል፤ በእርስዎ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው በቃሉ የሚያውቀው ነው።

ሁለተኛው ነገር ያነሰ ቢመስልም ይበልጥ ያስከፋኛል። በሦስተኛው ደብዳቤዬ ላይ፣ ሁለቱን ገጾች መስጠት ካልተቻለ የእንግዳው መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ እንዲነገረኝ ጠይቄ ነበር። ዓላማዬ ማን ምን አለ የሚለውን ማወቅ አልነበረም፤ ያቺን 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ በመስመር ለማሰር የምትሆን አንዲት ቁጥር ነበረች የፈለግሁት። የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ በስልክ የመለሱልኝ፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ዝርዝር ለታሪክ ምን ይጨምራል የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ከቤተ መዛግብት እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ፕሬዚዳንት ውሳኔ የሚወስነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ማን ቀድሞ እንደ ገባ ማወቅ፣ ፊርማው የመጣው ከንግግሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ይለያል። በኋላ ዘመን በማስታወሻ መጽሐፍ «አላገኘሁትም ነበር» የተባለን ሰው ኮት ያወለቀበትን ደቂቃ የሚያሳይ አንድ መስመር፣ ሦስት መቶ ገጽ ትዝታ ያፈርሳል። ይህ የማይጠቅም ከሆነ ያን ሁሉ የበር ዝርዝር፣ የስልክ ወረቀትና የፊልም ጥቅል አሲድ በሌለው ሣጥን፣ ሙቀቱና እርጥበቱ በሚለካ ክፍል ለምን በሕዝብ ገንዘብ ትጠብቁታላችሁ?

ፕሬዚዳንቶች ወረቀታቸውን እንደ ግል ንብረታቸው የሚቆጥሩበት ዘመን እንደ ነበረ አውቃለሁ። ሩዝቬልት የራሳቸውን ለመንግሥት በስጦታ ሰጡ፤ የ1955ቱ ሕግ ይህን ልማድ አጸና፤ ኒክሰንን ከሥልጣን ያስለቀቀው የዎተርጌት ቅሌት ካስደነገጠ በኋላ የ1978ቱ ሕግ ወጣና ከጥር 20 ቀን 1981 ጀምሮ ሥልጣን የያዙ ፕሬዚዳንቶች መዛግብት የሕዝብ ሆኑ። እኔ የምመረምራቸው ፕሬዚዳንት ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸውና በስጦታ ውሉ የተዘጋ ነገር ቢኖር አልከራከርም ነበር። ለዚያ የሚሆን ሌላ ፊደል በቅጹ ላይ አለ፤ «ሲ» ይባላል። ባልደረባዎ ግን «ሲ» አላሉም። «ኤ» ነው ያሉት።

ሰነዱን ስጡኝ ብዬ አልለምንም፤ ያን ጊዜ አልፌዋለሁ። የምጠይቀው ሣጥኑን ራስዎ እንዲያስወጡ፣ ቅጹን በዓይንዎ እንዲያዩና ከሁለት አንዱን በፊርማዎ እንዲጽፉልኝ ነው፤ ወይ ሰነዱ ነበረ አሁን ግን ጠፍቷል፣ ወይ ሰነዱ አለ ነገር ግን ከልክለንሃል። ሁለተኛውን ከመረጡ አመሰግንዎታለሁ። የይግባኝ ማመልከቻዬ ተጽፎ አልቋል፤ የጎደለው የእርስዎ ክልከላ የተጻፈበት ቀን ብቻ ነው።

የሣጥኑና የፎልደሩ ቁጥር ቀደም ብዬ በላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ላይ ሰፍሯል፤ እነርሱም አልተገኙም ካልተባለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዳይ ቁጥሩን ያልጣለ ተመራማሪ