እብጠቱ አንድ ነው፤ በሽታው ግን አንድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከደንበኞቼ ጋር እየተቀባበልን እናነባለን። ስለ ኩላሊት ስትጽፉ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እጥበትና ንቅለ ተከላ ነው። ንቅለ ተከላው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር እኔም እንደ ሰው ሁሉ ደስ ብሎኛል። ዛሬ ግን ከዚያ በፊት ስላለው ነገር እንድትጽፉ ልለምናችሁ ነው። ኩላሊቱ ገና እየሠራ ሳለ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ስለሚደረገው ምርመራ፣ ባዮፕሲ ስለሚሉት።

ታናሽ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። ካቻምና ጥቅምት ላይ ሱሪዬ ጠበበኝ ብሎ አመጣልኝ። ወገቡን ለቀቅ አደረግኩለት። በሁለት ሳምንቱ ደግሞ ጫማው እምቢ አለ። ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ሥር አብጦ ያድራል። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችው። እኔ ሜትሬን አንስቼ ቁርጭምጭሚቱን ለካሁት፤ 29 ሳንቲም። አውራ ጣቴን ቅልጥሙ ላይ ጫን አድርጌ ሳነሳው ሊጥ የነካሁ ይመስል ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሽንቱ ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃ ይመስል አረፋ ብቻ ነው።

በሄድንበት ክሊኒክ «ኩላሊት ነው» ተባልን። የሚያሸና መድኃኒትና ፕሬድኒሶሎን የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያረግብ ክኒን ታዘዘለት። ስድስት ወር ዋጠ። ፊቱ ድቡልቡል አለ፣ እብጠቱ ግን ይሄዳል ይመጣል። የትኛው የኩላሊት በሽታ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

በኋላ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰድነው። የ24 ሰዓት ሽንቱን በሃይላንድ ጠርሙስ እያጠራቀምን አስረከብን። በቀን 7.8 ግራም ፕሮቲን ይወጣዋል አሉን። በአዋቂ ሰው ከ3.5 ግራም ሲያልፍ፣ በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ሲወርድና ሰውነት ሲያብጥ ኔፍሮቲክ ሲንድረም ይባላል። ሐኪሙ እንዲህ አሉኝ፦ «ይሄ የምልክቶቹ ስም ነው እንጂ የበሽታው ስም አይደለም። በሽታውን ለማወቅ ከኩላሊቱ ቆንጠር አድርገን ማየት አለብን።»

ቤተሰቡ ተንጫጫ። አጎታችን «ብረት የነካው ኩላሊት አይድንም» ብለው ቆረጡ። በዚህ ክርክር ሦስት ሳምንት አለፈ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በየቤቱ እንዲህ የሚሉ አጎቶች ስላሉ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የደም ግፊቱ ተለካ፣ ደሙ በደንብ መርጋቱ ታየ። በሆዱ አስተኙት፣ ከሆዱ ሥር ትራስ ገባ። በአልትራሳውንድ ኩላሊቱን እያዩ ቦታውን አደነዘዙት። «ትንፋሽህን ያዝ» አሉት፤ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለት ጊዜ ብቻ። የወጣው ነገር ከጥልፍ ክር አይወፍርም፣ ርዝመቱም ከጥፍሬ እምብዛም አያልፍም። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ ስድስት ሰዓት ሽንቱ እየታየ ዋለ። የመጀመሪያው ሽንት ቀላ ብሎ ነበር፣ ማታ ጠራ። ሐኪሙ አልሸሸጉንም፤ መድማት አለ፣ ከባዱ ግን ጥቂት ሰው ላይ ነው ብለውናል።

ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ፣ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አንዱ ብልቃጥ ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን አለበት። ሌላው ፎርማሊን ሳይነካው በጨው ውሃ በራሰ ጋዝ ተጠቅልሎ በረዶ ላይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ልጨምራቸው ስል ነርሷ እጄን ያዘችኝ። ኩላሊቱ ውስጥ የተጣበቀው የሰውነት መከላከያ በልዩ ብርሃን የሚታየው ፎርማሊን ባልነካው ነው አለችኝ። የምታመላልሱ ቤተሰቦች ይህን ልብ በሉልኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ በወረቀት ጀርባ ሳሉልኝ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ደቃቅ ወንፊቶች አሉ። ሚኒማል ቼንጅ በሚባለው በሽታ ወንፊቱ በተራው ማይክሮስኮፕ ደህና ይመስላል። ወንፊቱን የሸፈኑት ሴሎች ጣት መሳይ እግሮች መጨፍለቃቸው የሚለየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፣ እሱ ደግሞ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ፎካል ሴግመንታል የሚሉት ብል እንደ በላው ነጠላ ነው። ከወንፊቶቹ ጥቂቶቹ፣ ከእነሱም አንድ ጥጋቸው ብቻ ጠባሳ ይይዛል። ስለዚህ የተቆነጠረው ካነሰ ደህናው ብቻ ወጥቶ ሊያታልል ይችላል። የወንድሜ ግን ሜምብራነስ ነው። የወንፊቱ ግድግዳ ወፍሯል። በብር ቀለም ሲነከር ጥቋቁር ሹል ነገሮች እንደ ሚዶ ጥርስ ተሰድረው ይታያሉ። ቀለም ነገር ስለምወድ ብዙ ጠየቅኳቸው። ቲቢ ለረጅም ጊዜ ባሠቃየው ሰው ላይ ሊመጣ የሚችለው አሚሎይድ የሚባል የፕሮቲን ክምችት ደግሞ ኮንጎ ቀይ በሚባል ቀለም ተነክሮ በልዩ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ይሆናል አሉኝ።

ሜምብራነስ ሲገኝ ከኋላው ምን እንዳለ ይፈለጋል። ሉፐስ የሚባለው መከላከያው የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት በሽታ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ዕድሜው በገፋ ሰው ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ወንድሜ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘበት። ስድስት ወር የዋጠው ፕሬድኒሶሎን ያንን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ይችል ነበር! ደሙ ገና ከመጀመሪያው ቢመረመር ቫይረሱ ይታወቅ ነበር፣ እውነት ነው። ግን እንዲፈለግ ያደረገው ባዮፕሲው ነው። ፕሬድኒሶሎኑ ቀስ በቀስ ቆመ፣ የቫይረሱ መድኃኒት ተጀመረ።

ሁሉም ይወጋ ማለቴ አይደለም። ቀጠሮ ስንጠብቅ አጠገባችን የአምስት ዓመት ልጇን ያቀፈች እናት ነበረች። የልጁ ፊት እንደ ወንድሜ ነው ያበጠው። እሱ ያለ ባዮፕሲ ፕሬድኒሶሎን ተጀመረለት፤ በዚያ ዕድሜ አብዛኛው ሚኒማል ቼንጅ ስለሆነ በመድኃኒቱ ይመለሳል አሏት። በአራተኛ ሳምንቱ ስናገኛቸው ልጁ ኮሪደሩ ላይ ይሯሯጣል። ያው ክኒን እሱን አዳነው፤ ወንድሜን ግን አልጠቀመውም።

እባካችሁ በጤና ዓምዳችሁ አንድ የኩላሊት ሐኪምና አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም ጋብዙ። ባዮፕሲ ለማን እንደሚያስፈልግ፣ ለማን እንደማያስፈልግ ይንገሩን። ውጤቱ ሲመጣም የበሽታውን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፈው እንዲሰጡን ጠይቁልን። እኔ የወንድሜን በሜትሬ መያዣ ውስጥ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ፕሮቲኑ ወደ 1.2 ግራም ወርዷል። ቁርጭምጭሚቱን አሁንም እሁድ እሁድ እለካዋለሁ፤ ባለፈው 23 ሳንቲም ነበር።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ልብስ ሰፊዋ፣ ከሽሮ ሜዳ