ስለዚያ የክላውድ ሰርቨር ሠንጠረዥ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም። በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ በሰዓት የሚከራዩ ትልልቅ የክላውድ ሰርቨሮችን (በኢንተርኔት ከርቀት የምንጠቀምባቸውን ኮምፒውተሮች) ያወዳደራችሁበትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ራሱ ደስ ይላል። ሠንጠረዡ ግን አልተዋጠልኝም። ለእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ የፍጥነት ቁጥር፣ ከጎኑ የሰዓት ኪራይ፣ አንደኛ የወጣው ላይ ደግሞ ምልክት። አለቀ። ስንት ደቂቃ ተለካ? ስንት ማሽን ላይ? ምን ሲሠራ? አንዱም አልተጻፈም። የእኔ መተዳደሪያ በኪራይ ሰርቨር ላይ ከባድ ስሌት ማስኬድ ነው። ያንን ሠንጠረዥ አምኖ ሰርቨር የሚመርጥ ሰው ገንዘቡን ሊያቃጥል ይችላል፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ክላውድ ላይ የምንከራየው ማሽን ሳይሆን ስም ነው። ጠዋት በዚያ ስም የሚሰጣችሁና ከሰዓት በኋላ በዚያው ስም የሚሰጣችሁ ሁለት የተለያዩ ብረቶች፣ ማለትም የሚጨበጡ ማሽኖች፣ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዳንዴ ፕሮሰሰራቸው ራሱ ይለያያል። ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኢሲ2 የሚባሉትን ሰርቨሮቹን በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ማከራየት ከጀመረ በኋላ የማሽኖቹን አቅም የሚገልጸው በራሱ መስፈሪያ ነበር። አንዱ መስፈሪያ በ2007 የነበረ፣ ከ1.0 እስከ 1.2 ጊጋኸርዝ የሚሄድ ኦፕተሮን (የኤኤምዲ) ወይም ዚዮን (የኢንቴል) ፕሮሰሰር ያህል ነው ይል ነበር። ኦፕተሮን ይድረሳችሁ ዚዮን፣ ዕድላችሁ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እንደተነሳ ከሁሉ በፊት የፕሮሰሰሩን ሞዴል ማየትና መመዝገብ ያስፈልጋል። ሊነክስ በሚባለው የሰርቨሮች ስርዓተ ክወና ላይ አንድ ትእዛዝ ነው፣ ሰከንድ አይፈጅም። ቀጥሎ ያንኑ ዓይነት ማሽን ደጋግሞ፣ በተለያየ ቀንና ሰዓት፣ ከተቻለም በተለያየ ዳታ ሴንተር ተከራይቶ መለካት ነው። አንድ ማሽን ለክታችሁ ስለዚያ ስም አውቀናል ማለት አትችሉም። ያወቃችሁት ያን ዕለት ስለደረሳችሁ ብረት ብቻ ነው።

የኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የስሌት ክፍሎች፣ ቆጠራም ነገር አለ። ሠንጠረዣችሁ ሁለት ሰርቨሮችን «ባለ 16 ኮር» ብሎ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። አከራዮቹ የሚጽፉት ግን ቪሲፒዩ (ምናባዊ ፕሮሰሰር) ነው፣ ኮር አይደለም። በአብዛኞቹ የኢንቴል ማሽኖች ላይ አንድ ቪሲፒዩ ማለት አንድ ሃይፐርትሬድ፣ ማለትም በአንድ ኮር ላይ ጎን ለጎን ከሚሄዱት ሁለት የሥራ መስመሮች አንዱ ነው፤ ሁለቱ አንድ ኮር ይጋራሉ። ስለዚህ 16 ያላችሁት 8 ኮር ነው። ግራቪተን በሚባሉት የአማዞን ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቪሲፒዩ ራሱን የቻለ ኮር ነው። ሁለቱን እኩል ናቸው ብሎ ማወዳደር ከመነሻው የተጣመመ ነው። ለዌብሳይት ሥራ ሃይፐርትሬዱ ጥሩ ያግዛል። የእኔን ዓይነት የአስርዮሽ ቁጥር ስሌት በብዛት ለሚሠራ ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ትንሽ ነው፣ እንዲያውም የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ፕሮግራሙን በ8 ትሬድ (የሥራ መስመር)፣ ከዚያ በ16 አስኪዱትና እዩት። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ወደ ጊዜው። የክላውድ ነገሮች ብዙዎቹ ሲጀምሩ ፈጣን፣ ሲቆዩ ቀርፋፋ እንዲሆኑ ተደርገው ነው የተሠሩት። ይሄ ተንኮል አይደለም፣ በመመሪያቸው ላይ በግልጽ ተጽፏል። አንባቢ የለውም እንጂ። ዲስክን እንይ። የአማዞን ጂፒ2 የሚባለው ዲስክ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት በሰከንድ 3 የንባብ ወይም የጽሕፈት ሥራ ይፈቅዳል። 100 ጊጋባይት ከተከራያችሁ በሰከንድ 300 ነው ማለት ነው። ግን ሲነሳ 5.4 ሚሊዮን ሥራ የሚሆን ክሬዲት (የተጠራቀመ መብት) ይዞ ይነሳል፤ ክሬዲቱ እስኪያልቅ ድረስ በሰከንድ እስከ 3,000 ይሠራል። ሒሳቡን ምቱት። በሰከንድ 3,000 እየወጣ 300 እየተመለሰ፣ ክሬዲቱ የሚሟጠጠው በ2,000 ሰከንድ ውስጥ ነው። 33 ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው። እንግዲህ 10 ደቂቃ የለካ ሰው ከእውነተኛው አቅም 10 እጥፍ የሆነ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ በደስታም ያትመዋል። ሥራው ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድበት ሰው ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉ ነገር ለምን እንደተንቀረፈፈ ግራ ገብቶት ይቀመጣል።

ተቃራኒውም አለ። ከስናፕሾት (ከተቀመጠ የዲስክ ቅጂ) የተፈጠረ ዲስክ ላይ አንድ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ፣ ዳታው ከሩቅ ማከማቻ እስኪመጣ ይዘገያል፤ ሁለተኛው ንባብ ቀልጠፍ ይላል። እዚያ ላይ የሊነክስ ካሽ አለላችሁ፤ የተነበበውን ፋይል ራም ላይ የሚያቆይበት ነው። የምታነቡት ፋይል ከራሙ ካነሰ ዲስኩን ትታችሁ ራሙን ነው የምትለኩት፣ ውጤቱም ለማመን የሚከብድ ይሆናል። ኤፍአይኦ በሚባለው የዲስክ መለኪያ ፕሮግራም ካሹን ማለፍ ይቻላል፤ ግን ራሱ አያደርግላችሁም፣ ማዘዝ አለባችሁ።

ፕሮሰሰሩም እንዲሁ ነው። በክሬዲት የሚሠሩት ርካሽ ማሽኖች ላይ አንድ ክሬዲት አንድ ቪሲፒዩን ለአንድ ደቂቃ በሙሉ ኃይሉ ያሠራል፣ ሲያልቅ እንደ አከፋፈላችሁ ወይ ፍጥነቱ ይወርዳል ወይ ሒሳቡ ይጨምራል። ከሠንጠረዣችሁ ላይ በዋጋው ቅናሽ ሆኖ ከላይ የወጣውን ሳይ የጠረጠርኩት ይሄንኑ ነው። ክሬዲት በሌላቸው ትልልቆቹ ላይ እንኳ አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ የሚታየው ፍጥነት ሁሉም ኮሮች ሲጠመዱ የለም፤ ቺፑ እንዳይግል ራሱን ያረግባል። የኔትወርኩም «እስከ 10 ጊጋቢት» ያው ነው፣ «እስከ» ከተባለ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አትመኑ።

ስለ ጎረቤት ደግሞ። አንድ ብረት ላይ ከእናንተ ጋር ሌሎች ተከራዮች አሉ። ሊነክስ ላይ «ቶፕ» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ ከሲፒዩው መስመር መጨረሻ «ኤስቲ» የሚል ቁጥር ይታያል። የእናንተ ማሽን ሲፒዩ ፈልጎ የጠበቀበት ጊዜ ነው። ዜሮ ካልሆነ ጎረቤት ሲፒዩውን እየተሻማ ነው። ዜሮ ሆነ ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ጎረቤቱ የሚጋራችሁ የፕሮሰሰሩን ካሽ (ቺፑ ውስጥ ያለውን ትንሽና ፈጣን ማስታወሻ) እና የራሙን መንገድም ነው፤ እሱን «ኤስቲ» አያሳይም። ለዚያ የጆን ማካልፒን ስትሪም የሚባለው ፕሮግራም አለ። ትንሽና የቆየ ነው፣ ግን ዛሬም የሚተካከለው የለም። የራም ፍጥነት ብቻ ይለካል። አንድ ሕግ አለው፦ የምታስሉበት እያንዳንዱ አሬይ (የቁጥሮች ድርድር) ከፕሮሰሰሩ የመጨረሻ ካሽ ጠቅላላ መጠን ቢያንስ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ይሄን ዘላችሁ ከሆነ የለካችሁት ካሹን ነው። ብዙ ስሌቶች የሚታነቁት ሲፒዩው ጋ ሳይሆን እዚህ ነው። ሠንጠረዣችሁ ላይ ይህ ዓምድ ጭራሽ የለም!

በጽሑፋችሁ ውስጥ በስም ብቻ የጠቀሳችሁት ሊንፓክ የሚባለው የፍጥነት መለኪያም ቢሆን ምን እንደሚለካ መናገር ነበረባችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የዓለም ሱፐርኮምፒውተሮች ቶፕ500 በሚባለው የደረጃ ዝርዝር የሚደረደሩት በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 አማዞን ከራሱ ኪራይ ማሽኖች 17,024 ኮር አሰልፎ 240 ቴራፍሎፕስ (በሰከንድ 240 ትሪሊዮን ስሌት) ገደማ በማስመዝገብ 42ኛ ወጥቷል። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ሊንፓክ የሚያስላው ጥቅጥቅ ያለ ማትሪክስ፣ ማለትም ባዶ ቦታ የሌለው የቁጥሮች ሠንጠረዥ ነው፤ ለፕሮሰሰር እንዲህ የሚመች ሥራ በተግባር ብዙ አይገኝም። ሊንፓክን ያስፋፋው ጃክ ዶንጋራ ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር ኤችፒሲጂ የሚባል ሌላ መለኪያ ያወጣው ለዚህ ነው፤ እዚያ ላይ ትልልቆቹ ማሽኖች ከሙሉ አቅማቸው የሚያሳዩት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ሥራችሁ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍሎ እርስ በርሱ መልእክት የሚላላክ ከሆነ ደግሞ የሚወስነው በሰከንድ ስንት ጊጋቢት ያልፋል የሚለው ሳይሆን አንዲት ትንሽ መልእክት ደርሳ እስክትመለስ ስንት ማይክሮሰከንድ ይፈጃል የሚለው ነው። ኢንፊኒባንድ የሚባለው ፈጣን የሰርቨር ማገናኛ ያለው ሰርቨር እዚህ ላይ ተራውን ኢተርኔት አስከትሎ ይሄዳል። ሰፊ መንገድና አጭር መንገድ አንድ አይደሉም።

ዋጋውን በተመለከተ በአጭሩ። የሰዓት ኪራይን ማወዳደር ዋጋ የለውም፣ ሥራው ሲያልቅ የወጣውን ነው ማየት። በሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ የሚያስከፍል ሰርቨር ሥራውን በግማሽ ጊዜ ከጨረሰው በአንድ ሩብ ረክሷል ማለት ነው። ማሽኑ ሲነሳና ዳታ ሲጫን የሚሄደው ጊዜም ይቆጠር፣ ያስከፍላልና። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ሊነክስ ማሽኖችን በሰከንድ ነው የሚያስከፍለው (ቢያንስ 60 ሰከንድ)፤ ለሰባት ደቂቃ ሥራ የሙሉ ሰዓት ሒሳብ አስገብታችሁ ከሆነ ያም ስህተት ነው። ስፖት የሚባለው ርካሹ ኪራይ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ሊወሰድባችሁ ይችላል። ሥራው መሃል ላይ ተቋርጦ እንደገና ሲጀመር የሚባክነው ጊዜ ዋጋው ውስጥ መግባት አለበት።

ጋዜጣ ይህን ሥራ መሥራቱ የሚጠቅምበት ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንድ የሶፍትዌር ውሎች ያለ ፈቃድ የፍጥነት ውጤት ማተምን ይከለክላሉ። ዴቪድ ዴዊት የሚባሉት የአሜሪካው ዊስከንሰን ዩኒቨርሲቲ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዳታቤዞችን ፍጥነት ለክተው ካወጡ በኋላ የዳታቤዝ ሻጩ ኦራክል ውሉ ውስጥ ይህን አስገባ፤ አንቀጹ እስከዛሬ በስማቸው ይጠራል። ስለዚህ የሻጩን ማስታወቂያ የሚፈትሽ ነጻ ሚዛን ብርቅ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ ትንሹን፣ መካከለኛውንና ትልቁን አትሙልን። የፕሮሰሰሩን ሞዴል፣ የለካችሁበትን ርዝመት፣ የማሽኖቹን ብዛት፣ ኮምፓይለሩን (ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የለወጠውን) እና ያዘዛችሁትን ማመቻቻ በትንሽ ፊደልም ቢሆን ከታች ጻፉ። የአሁኑ ሙከራ ጥሬ ውጤት ካልተጣለ ደግሞ አውጡትና እንየው፤ ያ «አንደኛ» የተባለው ሰርቨር ስንት ደቂቃ እንደሠራ ብቻ ማወቅ ይበቃኛል።

ከሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ